ክረምትና መኪናዎ
ክረምት ሲገባ ጃንጥላ እንገዛለን፤ የመኪናችንን ጎማ ግን ማን ያየዋል? በቆሼ በኩል የሚመላለሱ ከሆነ፣ ከቆሻሻ መኪኖች ጎማ የሚራገፍ ጭቃ ዝናብ ሲነካው አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደግሞ ውኃውን ከሥሩ ማስወጣት ስለማይችል ፍሬን ቢይዙም መኪናው ይንሸራተታል። የጎማዎ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀይሩት።

ጎርፍ ካጋጠመዎት ጥልቀቱን ሳያውቁ አይግቡ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪና ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋብዎ ቁልፉን ደጋግመው አይሞክሩ። ውኃ እንደ አየር አይታመቅምና ቢዬላው ይጎብጣል፤ ወጪውም ከባድ ነው። መኪናውን አስገፍተው ያውጡና መካኒክ ይጥሩ። ልጆች ይዘው ከሆነማ፣ ዶፉ እስኪያባራ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይዘው ይጠብቁ።