ጋቢና የተቀመጠው ውሻ

እሁድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ጋርላንድ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ከመኪና ማቆሚያው የእኔን መኪና ለይቶ ለማወቅ ታርጋ ማየት አያስፈልግም። የ2000 ሞዴል ቶዮታ ፎርራነር ናት። የኮፈኗ ቀለም በቴክሳስ ፀሐይ ተልጧል፣ የኋላ መስታወቷም በውሻ ምራቅ ዥጉርጉር ብሏል። «አንተ፣ አሁንም ይቺን ነው የምትነዳው?» የሚለኝ አላጣም። ጠያቂዬ ብዙውን ጊዜ በ72 ወር ክፍያ የወሰዳት መኪና ላይ ደገፍ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

አሜሪካ ውስጥ የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋ ወደ 50 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሷል። በየመንገዱ የሚሽከረከሩት መኪኖች አማካይ ዕድሜም ከ12 ዓመት አልፏል። አገሬው ራሱ አሮጌ መኪናውን ይዞ ከርሟል ማለት ነው። እኛ ሐበሾች ግን «ሰው ምን ይለኛል» የምንለውን ነገር ከሻንጣችን ጋር ይዘን መጥተናል።

ከመኪናዋ ይልቅ ወሬ የሚያስነሳው ግን ቡቺ ነው። ቡቺ ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ነው። በምኖርባት ዋይሊ ውሻ መኪና ላይ ማየት ብርቅ አይደለም፤ በሀይዌይ 78 የሚያልፈው ፒክአፕ ሁሉ አንድ አፍንጫ በመስኮት ያወጣል። በእኛ ቤት ግን ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው፤ መኪና ውስጥ ምን ያደርጋል? «የፈረንጅ አመል» ይሉኛል። እኔም አፌ አያርፍም፣ መኪናና ውሻ አዲስ አበባ የገቡት አብረው ነው እላለሁ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ ሲድሌይ መኪናውን ከጅቡቲ ለአጼ ምኒልክ ሲያመጣ፣ ጉዞው በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲያበቃ፣ ቡሊ የተባለ ቡልዶግ አብሮት ነበር። እርግጥ ቤንትሌይም ፈረንጅ ነው፤ ክርክሩን እዚህ ላይ እሸነፋለሁ። አጼ ኃይለ ሥላሴና ትንሿ ውሻቸው ሉሉስ? ስል ግን ዝም ይላሉ።

አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ ዕለት ቡቺን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ሻንጣቸውን ፖርቶመጋላው ላይ አስሬ ዞር ስል፣ ጋሼ የጋቢናውን በር ከፍተው ቆመዋል። ቡቺ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ያያቸዋል።

«እኔ ኋላ፣ እሱ ጋቢና?» አሉኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን አወርደዋለሁ።»

«ተወው፣ ቤቱ ነው» አሉና ወደ ኋላ ሄዱ። እስከ ዋይሊ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ጋሼ ቅር ያላቸው ለክብራቸው ነው፤ ጋቢና የታላቅ ቦታ ነውና። ነገር ግን ስለ ክብሩ ብንተወው እንኳ ትክክል ነበሩ። የፊት ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ አዋቂ ሰው ነው። ሲፈነዳ ውሻን ሊገድል ይችላል። ያልታሰረ ውሻም መኪና በድንገት ፍሬን ሲይዝ እንደ ተወረወረ ዕቃ ሾፌሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የቡቺ ቦታ አሁን ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው፤ ደረቱ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ ከወለሉ መንጠቆ ጋር ይያያዛል።

ፎርራነር ለውሻ የተሠራች የምታስመስላት ደግሞ ያቺ የኋላ መስታወት ናት። በሩ ሳይከፈት መስታወቱ ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፤ ቶዮታ አሁን እስከሚሸጣት አዲሷ ሞዴል ድረስ አልተወውም። ቡቺ ሲወርድ ካየ ደስታው ሌላ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ጀርባው ቀጥ ያለ መኪና ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፣ በተከፈተው መስታወትም የጭስ ማውጫው ጭስ ተስቦ ይገባል። መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የአምራቹ መመሪያም እየነዳችሁ አትክፈቱት ይላል። እኔ ላቮን ሐይቅ ደርሰን ስንቆም ነው የምከፍትለት።

የአሮጌ መኪና ወጪ ሲነሳ የሚያናድደኝ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ «ቶዮታ አይሞትም» የሚለውና «ጣላት» የሚለው። ቶዮታ ይሞታል። የዚህች ሞተር ቺንጋ በየ90 ሺህ ማይሉ መቀየር አለበት፤ ሲቀየር የውሃ ፓምፑም አብሮ ቢቀየር ይሻላል፣ የእጅ ዋጋው አንድ ነውና። አውቶማቲክ ማርሽ ላላት ደግሞ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ነው። ያረጀ ራዲያተር ከውስጥ ሲሰነጠቅ ውሃና ዘይት ተደባልቆ ሮዝ ይሆናል፣ ካምቢዮውም አበቃለት። ራዲያተር በጊዜ የቀየረ ሰው የካምቢዮ ዋጋ ከኪሱ አልወጣም። ይህን ያላደረገ ሰው አሮጌ መኪና ይዣለሁ ባይል ይሻላል፤ ዕዳውን ወደ ነገ አስተላልፎ ነው እንጂ።

ውሻ ላለው ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድመው ኤሲ ነው። እዚህ ነሐሴ ላይ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ የተለመደ ነው። ውሻ እንደ ሰው ሰውነቱ ሁሉ አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ቆሞ የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ ብቻ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ እምብዛም አይረዳም። የመኪናዋ ቀለም ይላጥ፣ ሬዲዮዋም ዝም ይበል፤ ኮምፕረሰሯ ሲጮኽ ግን በዚያኑ ዕለት ወደ መካኒክ ነው።

የዋይሊ ሰው አንድ ተጨማሪ ስጋት አለው። ሚያዝያ 11 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. የወረደው በረዶ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር ገደማ የደረሰ ነበር፤ የየቤቱን ጣሪያ በሳ፣ የመኪና መስታወት አደቀቀ፣ ትምህርት ቤት አዘጋ። አሮጌ መኪና እንዲህ ሲመታ ሞተሩ ደህና ሆኖም ኢንሹራንሱ «ቶታል» ይለዋል፤ የላሜራው ጥገና ከመኪናው ዋጋ ይበልጣልና። የሚከፍለውም ያንኑ አነስተኛ ዋጋ ነው፤ ብዙው ባለአሮጌ መኪና ሕጉ ከሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ሽፋን በላይ የማይገዛው ለዚህ ነው።

ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቴክሳስ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራን አስቀርታለች። በእኛው ኮሊን ካውንቲ የጭስ ምርመራው አልቀረም፣ ግን 25 ዓመት የሞላትን መኪና አይመለከትም፤ የእኔዋ ሞልቷታል። እንግዲህ የፊት እግሯ የታችኛው ቦል ጆይንት፣ የዚህ ሞዴል የታወቀ ድክመት፣ ቢላላም ባይላላም የሚጠይቀኝ የለም። ብዙ ሰው በሕጉ ተደስቷል። እኔ አልተደሰትኩም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከሥሯ ገብቶ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋት ነበር። አሁን ራሴ ከፍዬ አሳያለሁ። ምርመራው ቢቀርም ክፍያው፣ ሰባት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም፣ በምዝገባው ላይ አሁንም ይከፈላል።