ተስፋም ሚዛን ይሻል

አንድ ሰው «ታመመ» ሲባል ከሚሰማን ድንጋጤ ይልቅ «አገረሸበት» ሲባል የሚሰማን ሐዘን ይከብዳል። ሕመምተኛውም አስታማሚውም አንድ ጊዜ የተደሰቱበት ነገር ተመልሶ ይነጠቃልና። ሐኪሞቻችን ይህንኑ ቃል ለአንድ በሽታ ስም አድርገውታል፤ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው «ትኩሳት ግርሻ»። መንስኤው ቦሬልያ ሪከረንቲስ የተባለ፣ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጥመለመለ ባክቴርያ ነው። ትኩሳቱ ለቀናት አቃጥሎ ይተዋል፤ ቆይቶም ይመለሳል። ይሁን እንጂ በሽታው በውል የሚታወቅና የሚድን ነው። ትኩሳቱ በበረታበት ሰዓት የተወሰደች የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትመረመር ባክቴርያው ራሱ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሐኪም ክትትል የሚሰጥ አንድ መጠን አንቲባዮቲክ ይበቃዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን የዚህ ባክቴርያ የሥጋ ዘመድ የሆነ ሌላ ቦሬልያ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ስለሚያስከትለው የላይም በሽታ፣ በተለይም ከሕክምና በኋላ ሳይለቃቸው ለወራትና ለዓመታት ስለሚሠቃዩ ሰዎች ነው። የፊዚክስ መምህራን በሐኪሞች ማሳ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ምላሻችን አጭር ነው። ሥር የሰደደውን የላይም ሕመም በተመለከተ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው ክርክር በመሠረቱ የመለኪያ ክርክር ነው፤ የመለኪያ ነገር ደግሞ የእኛም ነገር ነው። ከዚህም በላይ፣ ከተማሪዎቻችንና ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ በሚኖሩባቸው እንደ ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ ግዛቶች በሽታው እንግዳ አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1975 በኮኔቲከት ግዛት፣ ላይም በምትባል አነስተኛ ከተማ አካባቢ ነው። ሁለት እናቶች በሰፈራቸው ብዙ ሕፃናት ጉልበታቸው እያበጠ መቸገራቸውን አስተውለው ጉዳዩ እንዲጣራ ወተወቱ። በየል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር አለን ስቲርና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1977 ይፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ዊሊ ቡርግዶርፈርና ባልደረቦቻቸው ጠመዝማዛውን ባክቴርያ በመዥገር ሆድ ውስጥ ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ ባክቴርያውም በእኚሁ ሳይንቲስት ስም ቦሬልያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልን እንፈልጋለን። የግኝቱ መነሻ የሆነው የእናቶቹ አቤቱታ እንጂ የቤተ ሙከራ መሣሪያ አልነበረም። የሕመምተኛና የአስታማሚ ቃል ሳይንስን አይተካም፤ ሳይንስን ግን ይቀሰቅሳል።

በሽታውን ብዙ ጊዜ የምታስተላልፈው ገና ያላደገች፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ መዥገር ነች። የነከሰችው ሰው ቆዳ ላይ በአብዛኛው እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ይወጣል፤ ትኩሳት፣ ድካምና ራስ ምታትም ይከተላል። ካልታከመ ወደ መገጣጠሚያ፣ ወደ ነርቭና ወደ ልብ ሊዘልቅ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ ለሁለት ሳምንት ገደማ በመውሰድ አብዛኛው ሰው ይድናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2018 በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ 476,000 ያህል ሰዎች ለዚህ በሽታ እንደታከሙ የሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል ገምቷል። ከታከሙት መካከል፣ ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ቢለያይም፣ ከመቶ ከ5 እስከ 20 የሚሆኑት ድካሙ፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመሙ፣ የሐሳብ መበታተኑ ከስድስት ወር በላይ አይለቃቸውም። ከእነዚህ ሌላ በላይም መያዛቸው በምርመራ ሳይረጋገጥ ተመሳሳይ ሥቃይ የሚሠቃዩ ሰዎችም «ሥር የሰደደ ላይም» በሚለው ስም ውስጥ ይጠቃለላሉ፤ ክርክሩን ካወሳሰቡት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ሁለት ዓይነት በደል ሲፈጸም ኖሯል።

የመጀመሪያው በደል አለማመን ነው። «ምርመራህ ምንም አያሳይም፤ እንግዲህ ምንም የለብህም» የሚለው ፍርድ በብዙ የሕክምና ክፍሎች ተሰምቷል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የሀገራችን ተረት፤ እነዚህ ሰዎች ግን በሽታቸውን አልደበቁም፤ ያጡት የሚሰማቸውን ነው። ከሳይንስ አንጻርም ፍርዱ ስሕተት ነው። በላይም ጊዜ ባክቴርያው በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት በመሆኑ እንደ ትኩሳት ግርሻ በማይክሮስኮፕ አይገኝም። የተለመደው ምርመራ የሚፈልገው ባክቴርያውን ሳይሆን ሰውነት በባክቴርያው ላይ ያዘጋጀውን ጸረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና ላይገኝ ይችላል፤ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ምርመራው «ይህ ሰው ከባክቴርያው ጋር ተገናኝቶ ነበርን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ «አሁን ድኗልን?» ለሚለው ግን መልስ የለውም። መሣሪያው የማይለካውን ነገር የለም ብሎ መደምደም በየትኛውም ቤተ ሙከራ የሚያስወቅስ ነው።

ሁለተኛው በደል ያለ ማስረጃ ተስፋ መሸጥ ነው። ባክቴርያው ተደብቋልና ለወራት፣ እንዲያውም ለዓመታት በደም ሥር አንቲባዮቲክ መውሰድ ያስፈልጋል የሚሉ ሐኪሞች ተነሡ። ሐሳቡ በራሱ የሚናቅ አልነበረም፤ ስለዚህም ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት 129 ሕመምተኞች ከሁለት ተከፍለው ገሚሱ ለ30 ቀን በደም ሥር፣ ለ60 ቀን ደግሞ በአፍ አንቲባዮቲክ ወሰዱ፤ የቀሩት ፕላሴቦ፣ ማለትም መልኩ መድኃኒት መስሎ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ነገር ተሰጣቸው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኔዘርላንድ 280 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናትም የ12 ሳምንት ተጨማሪ አንቲባዮቲክ ከፕላሴቦ እንደማይሻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2008 በ37 ሰዎች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት በማስታወስና በማሰብ ችሎታ ላይ መሻሻል አግኝቶ ነበር፤ መሻሻሉ ግን ሕክምናው ከተቋረጠ በኋላ አልዘለቀም። ጉዳቱ በአንጻሩ ተጨባጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል እንዲህ ያለ ሕክምና ሲወስዱ ለከባድ የባክቴርያ ኢንፌክሽን የተዳረጉ አምስት ሰዎችን ታሪክ ይፋ አድርጓል፤ ሕይወቱ ያለፈም አለበት።

ታዲያ «እኔ በዚህ መድኃኒት ዳንሁ» የሚሉት ሁሉ ይዋሻሉን? በፍጹም። ከላይ በጠቀስነው የ2001 ጥናት ከሕመምተኞቹ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጡት ተሽሏቸዋል፤ መድኃኒት የወሰዱትም ፕላሴቦ የወሰዱትም። ይህን ለመረዳት ፔንዱለምን እናስብ። ሥር የሰደደ ሕመም ይዋዥቃል፤ የከፋ ሳምንት አለው፤ የተሻለም ሳምንት አለው። ሰው አዲስ ሐኪም ፍለጋ የሚወጣው በከፋው ሳምንት፣ ማለትም ፔንዱለሙ ጥግ በደረሰበት ቅጽበት ነው። በዚያ ቅጽበት እፍ ያለበት ሰው ፔንዱለሙ ሲመለስ እያየ የመለሰው የእርሱ ትንፋሽ እንደሆነ ያምናል። ፔንዱለሙ ግን ያለ እርሱም ይመለስ ነበር። ፕላሴቦ የሚሰጠው ወገን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ እፍ ያልተባለበትን ፔንዱለም ጎን ለጎን አቁሞ ለማየት።

የዶክትሬት ትምህርታችንን በውጭ ሀገር በምንከታተልበት ጊዜ በአንድ ቤተ ሙከራ አብሮን ይሠራ የነበረ ባልደረባችን በዚህ ሕመም ተይዞ ነበር። አንድ ሐኪም «ችግሩ ሐሳብህ ነው» ብሎ አሰናበተው። ሌላው ለወራት በደም ሥር መድኃኒት ሰጠው፤ ቱቦው የገባበት ቦታ እስኪያመረቅዝና ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተወ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተስተካከለ፤ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ሳያርፍ መውጣት ቻለ፤ በመጨረሻም ወደሚወደው ተራራ ተመለሰ። እርሱ ያዳነኝ በዚያን ሰሞን የጀመርሁት የአመጋገብ ሥርዓት ነው ይላል። እኛም በመዳኑ ደስ ስላለን አልተከራከርነውም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ልኬት፣ የስሕተት ወሰኑ የማይታወቅ ልኬት መሆኑን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ታሪክ እዚህ ያነሣነው ለአመጋገቡ ማስረጃ እንዲሆን ሳይሆን፣ ሁለቱም በደሎች በአንድ ሰው ላይ ሲደርሱ በዓይናችን ስላየን ነው።

እንግዲህ ተስፋው ወዴት ነው? በእኛ አስተያየት በሦስት ቦታ ነው።

አንደኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የእነዚያው ጥናቶች ግማሽ ገጽ ነው። በኔዘርላንዱ ጥናት የሦስቱም ቡድኖች ሕመምተኞች፣ ፕላሴቦ የወሰዱትን ጨምሮ፣ የአካል ጤንነታቸው በጥናቱ ጊዜ ተሻሽሏል። ከጤነኛው ሕዝብ ጋር አልተስተካከሉም፤ ግን ወደዚያው እያመሩ ነበር። «አንቲባዮቲኩ አልጠቀመም» የሚለውን ዜና የሰማ ሕመምተኛ «አልድንም» ብሎ ይተረጕመዋል፤ ጥናቱ ያለው ግን ይህን አይደለም። ባልተጠናቀቀው ጕዞም እንቅልፍን፣ ሥቃይንና ጭንቀትን ማከም፣ እንቅስቃሴን እንደ አቅም ቀስ በቀስ መጨመር፣ ሌላ ሊታከም የሚችል በሽታ ተደብቆ እንዳይሆን መመርመር ለሐኪምም ለታማሚም ክፍት ናቸው።

ሁለተኛው የምርምሩ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የላይም የመገጣጠሚያ ብግነት ባለባቸው ሰዎች ጉልበት ፈሳሽ ውስጥ፣ አንቲባዮቲክ ከወሰዱም በኋላ፣ የባክቴርያው ግድግዳ ስብርባሪ እንደሚገኝና ብግነቱን ሊቀሰቅስ እንደሚችል አሳይቷል። ጦርነቱ አልቆ የፈረሰው ግንብ ድንጋይ መንገድ የዘጋ ይመስላል። ለሁሉም ሕመምተኛ ይህ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሥቃዩ እውነተኛ ሆኖ ሕያው ባክቴርያ ላይኖር እንደሚችል ያስረዳል። «ባክቴርያው አለ» እና «ምንም የለብህም» ከሚሉት ሁለት ጩኸቶች መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ስለዚሁ ሕመም ባወጡት ሪፖርት፣ መንስኤው ተለይቶ እስኪታወቅ ሳይጠበቅ ሕክምናዎች እንዲፈተኑ አሳስበዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያው ነው። ቴርሞሜትር ከመፈልሰፉ በፊት ሰዎች ሙቀትን በመዳፋቸው ይገምቱ ነበር፤ ሁለት እጆችም በአንድ ውኃ ላይ ሳይስማሙ ይቀሩ ነበር። ክርክሩን ያበረደው የተሻለ ተናጋሪ አልነበረም፤ መሣሪያው ነው። በላይም ጉዳይ የጎደለን «ይህ ሰው ድኗል» ወይም «ገና ነው» የሚል አስተማማኝ ምርመራ ነው። እርሱ በተገኘ ዕለት የማይታመነው ሕመምተኛ ይታመናል፤ የማይሠራው መድኃኒትም ይጋለጣል። ለአዲስ መድኃኒት የሚፈሰውን ያህል ገንዘብና አእምሮ ለዚህ መሣሪያ ሊፈስስ ይገባል የምንለውም ስለዚህ ነው።

በሀገራችንም ለማይለቅ ሕመም በየሰፈሩ የሚነገር የፈውስ ምስክርነት አይጠፋም። አንባብያን፣ በተለይም ወጣት ተማሪዎቻችን፣ እንዲህ ያለውን ሲሰሙ እንዳይሳለቁ፣ ግን ደግሞ «እፍ ያልተባለበትስ ፔንዱለም እንዴት ሆነ?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። ትኩሳት ግርሻ ዛሬ የማያከራክረን አባቶቻችን ከሰሜን አሜሪካውያን ይልቅ አስተዋዮች ስለነበሩ አይደለም፤ ባክቴርያውን በአንዲት የደም ጠብታ ማየት ስለሚቻል ነው። የላይም ሕመምተኞች የሚጠብቁት የማያገረሽ ፈውስም ከዚያው ምንጭ እንደሚመጣ እናምናለን። እስከዚያው ግን የሚሠቃየውን ማመን ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።