ቢላዋ ሽንኩርት አይመርጥም

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ በተነሣ ቁጥር አንድ የተለመደ መልስ አለ፦ «መሣሪያ ነው፤ እንደ አጠቃቀማችን ነው። ቢላዋም ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሰውም ይወጋል።» ከመድረክ ይነገራል፣ በወጣቶች ፕሮግራም ይደገማል፣ ሁላችንም «አሜን» ብለን እንበተናለን። እኔ ግን ይህን መልስ አልቀበለውም። ቢላዋ የሚከተፈውን ራሱ አይመርጥም። ማታ በ5 ሰዓት «ተነሡ፣ ሽንኩርት መጥቷል» ብሎም አይቀሰቅስም።

ደግሞስ ሁሉም አንድ ዓይነት መሣሪያ ናቸው እንዴ? እስቲ ዛሬ ይህን ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ክፈቱና መጀመሪያ ከሚመጡላችሁ 10 ነገሮች ስንቱን ራሳችሁ መርጣችሁ እንዳመጣችሁት ቁጠሩ።

ቴሌግራም ላይ ቆጠራው ቀላል ነው። የገባችሁበት ቻናልና ግሩፕ በሰዓቱ ቅደም ተከተል ይሰለፋል፤ ያልጠራችሁት፣ ከማስታወቂያ በቀር፣ ብዙም አይመጣም። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚያስተላልፍ የአንድ ሰዓት ስብከት በድምፅ ይላክበታል። ዩቲዩብ መሐል ላይ ነው፦ ፈልጋችሁ ስትገቡ የፈለጋችሁትን ይሰጣችኋል፣ ሲያልቅ ግን ቀጣዩን እሱ ይመርጥላችኋል። ያንን ማጥፋት ይቻላል፤ አጥፉት።

ፌስቡክ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የጓደኛችሁን ገጽ ራሳችሁ ሄዳችሁ የምታዩበት ቦታ ነበር። በ2006 ኒውስ ፊድ መጣና ነገሩ ተገለበጠ፤ ዛሬ የወንድማችሁን የሠርግ ፎቶ የማታውቁት ሰው ቪዲዮ ይቀድመዋል። በ2021 ይፋ የወጡ የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣው ፊት ከ«ላይክ» 5 እጥፍ ይመዝን ነበር፤ ልቡም ሳቁም እንደዚያው። ሰው የተናደደበት ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታይ ነበር ማለት ነው። በኋላ የቁጣውን ክብደት ዜሮ አደረጉት። ይህን የሚያደርግ ቢላዋ ሠሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቲክቶክ ላይ ግን መቁጠርም አያስፈልግም። አንድም ሰው ሳትከተሉ ይጀምራል፤ የሚመጣውን የሚመርጠው እሱ ነው። «ላይክ አላደረግሁም፣ አልጻፍኩም፣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት» ማለት አያዋጣም፤ ምን ያህል እንደቆያችሁ ይቆጠራል። ሁለት አገልጋዮች ሲሰዳደቡ «ምን ጉድ ነው?» ብላችሁ እስከ መጨረሻው ካያችሁ፣ ነገ ሌላ ስድብ ይቀርብላችኋል።

«ታዲያ ለማያምነው ማን ያድርስለት? ቴሌግራም የገቡትን ብቻ ነው የሚያገኘው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የማያውቃችሁን ሰው ለማግኘት ቲክቶክን የሚያህል የለም። ግን የትኛው ስብከት ነው የሚደርሰው? ከ40 ደቂቃ ትምህርት 30 ሰከንዷ፣ ያውም ሌላውን አገልጋይ የነካችዋ፣ ተቆርጣ ትሄዳለች። ሰባኪውም ይህን ሲያውቅ በሚቀጥለው ሳምንት ያቺን 30 ሰከንድ አዘጋጅቶ ይመጣል። ስለ ላይቭ «ባትል»ማ ምን ልበል? ጽጌረዳ በ1 ኮይን፣ አንበሳ በ10 ሺዎች በሚቆጠር ኮይን። ኮይኑ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል፣ ከስጦታውም ድርጅቱ ድርሻውን ያነሣል። በአረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች የምታድር እህት የወር ደመወዟን ለአንበሳ ብታወጣ፣ «እንደ አጠቃቀሟ ነው» ብለን ልናልፋት ነው? ቆጣሪውን እያሯሯጠ «ቶሎ በሉ» የሚላት ማነው?

ቴሌግራምን አመሰገንሁ ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ተራው የቴሌግራም መልእክት በድርጅቱ ማኅደር ነው የሚቀመጠው፤ በላኪና በተቀባይ ብቻ የሚነበበው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ ግሩፑንም ሳይቀር እንዲህ ይጠብቃል፤ በፈንታው ስልክ ቁጥራችሁን ለግሩፑ አባላት ያሳያል። አንዲት እህት ቁጥሯ በማታውቃቸው ወንዶች እጅ እንዲገባ ካልፈለገች ቴሌግራም ይሻላታል፤ የሆዷን ልትነግር ከሆነ ዋትስአፕ፣ ያውም ለሁለትና ለሦስት ሰው።

እኛ ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። የጸሎት ርዕስ ብለን የሰውን ትዳር፣ የሰውን በሽታ፣ በስም ጠርተን ሺህ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ እንለጥፋለን። አንዱ ወደ ሌላ ግሩፕ ያሳልፈዋል፣ ሌላው ስክሪን ሾት ያነሣል፤ ባለጉዳይዋ እሑድ ኅብረት ስትመጣ ያልነገረቻቸው ሁሉ አቅፈው ያጽናኗታል። ይህንንም ቲክቶክ አላደረገውም፣ ፌስቡክም አላደረገው። ግሩፑን የምትመሩ ወንድሞች፣ ዛሬ ማታ ግቡና የእህታችንን የምርመራ ውጤት ከዚያ አጥፉት።