ባዶ ጠርሙስ ባዶ አይደለም

ባለፈው ሰሞን በተማሪው መኖሪያ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ከዕረፍት ሲመለስ አንድ አሮጌ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና በአልጋው ራስጌ አስቀመጠው። ግማሾቹ ጓደኞቹ ሣቁበት፤ ግማሾቹም «ቆራሌው ሲመጣ ስንት ይሰጥሃል?» እያሉ ቀለዱበት። እኛም በመጀመሪያ ከሣቁት ወገን እንደ ነበርን አንሸሽግም። ነገር ግን ጉዳዩን ረጋ ብለን ስናስበው ሣቃችን ካለማወቅ የመጣ መሆኑን ተረዳን። ስለዚህም በዚህ ገጽ አሳባችንን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ተነሣን። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ተመላሽ የሆነው የመስተዋት ጠርሙስ ቀስ በቀስ ከመካከላችን እየወጣ ነው፤ ከእርሱም ጋራ የኢንዱስትሪያችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ ሳይጻፍ ሊቀር ነው፤ ይህንንም ለማዳን ከተማሪው የበለጠ የሚቀርብ ሰው የለም።

አስቀድመን በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

የሶዳ ነገር የተጀመረው በቢራ መጥመቂያ ቤት ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1767 በሊድስ ከተማ በሚፈላ ቢራ ጋን ላይ ውሃ ቢያንጠለጥል፥ ከቢራው የሚወጣው አየር ወደ ውሃው ገብቶ ደስ የሚል ኰምጣጣ ጣዕም ሰጠው። ያኮብ ሽቬፕ ደግሞ በ1783 በዤኔቭ ይህንን ውሃ ለገበያ ማዘጋጀት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ችግሩ የውሃው መሆኑ ቀረና የጠርሙሱ ሆነ። በውስጡ የታመቀው አየር ክዳኑን እየገፋ ያስወጣዋልና። ቡሹ ከደረቀም ይኰማተርና አየሩ ያመልጣል። ስለዚህ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መቀመጫው እንደ እንቍላል የሾለ ጠርሙስ ተሠራ፤ ቆሞ ሊቀመጥ ስለማይችል ያለ ውድ በግድ ይጋደማል፤ በተጋደመም ጊዜ ቡሹ ዘወትር እርጥብ ይሆናል። በ1872 ሃይራም ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ በጠርሙሱ አንገት ውስጥ የመስተዋት ብይ አስገብቶ፥ አየሩ ራሱ ብዩን ወደ ላይ እየገፋ አፉን እንዲዘጋ አደረገ። የዚህ ጠርሙስ ዝርያ እስከ ዛሬ በሕንድና በጃፓን ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ግን ሕፃናት ብዩን ለማውጣት ጠርሙሱን እየሰበሩ ስለ ጨረሱት፥ ሰብሳቢዎች ደህናውን ሲያገኙ እንደ ብርቅ ይይዙታል።

በመጨረሻም ዊልያም ፔንተር በ1892 በአሜሪካ ዛሬ እኛ ቆርኪ የምንለውን ክዳን አስመዘገበ። የመጀመሪያው ቆርኪ 24 ጥርስ ነበረው፤ የዛሬው ግን 21 ነው። አንባቢ ሆይ፥ የማታምነን ከሆነ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቆርኪ አንሥተህ ቍጠር። በ1903 ደግሞ ማይክል ኦወንስ ጠርሙስን ያለ ሰው እስትንፋስ የሚነፋ መኪና አወጣ። ከዚያ በፊት የጠርሙሱ አፍ በእጅ ይሠራ ስለ ነበር፥ የቅርጽ ማውጫው ስፌት አንገቱ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። በመኪና የተሠራው ጠርሙስ ስፌት ግን እስከ ከንፈሩ ይደርሳል። የሕግ ተማሪው ፊርማ መርምሮ ሰነድን እንደሚለይ፥ ጠርሙስን የሚያውቅ ሰውም በጣቱ ዳስሶ ዘመኑን ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በየከተማው የለስላሳ ፋብሪካ የበዛው ለምንድር ነው? መልሱ የክብደት ነገር ነው። ውሃም ጠርሙስም ከባድ ናቸው፤ ከሩቅ አገር ተጭነው ቢመጡ የማጓጓዣው ዋጋ ከመጠጡ ይበልጣል። ቅመሙን ብቻ ልኮ ውሃውን፥ ስኳሩንና አየሩን እዚያው መጨመር ግን ይረክሳል። ጠርሙሱም ባዶውን ተመልሶ፥ በትኩስ የሶዳ ውሃ ታጥቦና ተመርምሮ እንደገና ይሞላል። ጠርሙስ የሚመለሰው ከቅርብ ብቻ ስለሆነ ፋብሪካው ከጠጪው እንዳይርቅ ግድ ሆነ። በ1899 ሁለት የቻታኑጋ ከተማ ጠበቆች በአብዛኛው አሜሪካ ኮካ ኮላን በጠርሙስ የመሙላትን መብት በአንድ ዶላር ገዙ፤ በ1920 ገደማ ግን የሚሞሉት ፋብሪካዎች ከአንድ ሺህ በላይ ሆነው ነበር። በጨለማ ሲዳሰስ እንዲታወቅ ተብሎ በ1915 በኢንዲያና በሩት የመስተዋት ኩባንያ የተነደፈው ባለ ወገቡ ጠርሙስም፥ በመቀመጫው ላይ የከተማው ስም ይጻፍበት ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ጠርሙሱን ገልብጠው የሚያዩት ይህንን ስም ፍለጋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሚጣለው ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲበዛ፥ መመለስ ቀረ፤ መመለስ ሲቀር የቅርብ ፋብሪካ አላስፈለገም፤ ትንንሾቹም በየተራ ተዘጉ። የኦሪገን ክፍለ ግዛት በ1971 ለባዶ ዕቃ መያዣ ገንዘብ እንዲመለስ በሕግ ሲያዝ፥ ለብዙዎቹ ትንንሽ ፋብሪካዎች ጊዜው አልፎባቸው ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአምቦ ውሃ አየሩን ማንም ሳይጨምርበት ከምድር ይዞ ይወጣል፤ በጠርሙስ መሸጥ የጀመረውም በ1930 ነው። ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ በ1959፥ በድሬዳዋም በ1965 መሞላት ጀመረ። በ1975 ፋብሪካው በመንግሥት ተወረሰ። የፔፕሲ ፋብሪካዎችም ከመንግሥት እጅ ወጥተው በ1996 ወደ ሞሐ ኩባንያ ተዛወሩ። በሦስት መንግሥታት ዘመን ባለቤቱ ሲለዋወጥ፥ ጠርሙሱ ግን ከሱቅ ወደ ሣጥን፥ ከሣጥን ወደ ፋብሪካ ሲመላለስ ኖረ። በላዩም የላቲኑን የተጠማዘዘ አጻጻፍ እየመሰለ በፊደላችን «ኮካ ኮላ» ተጻፈበት። ይህንን ባለ አማርኛ ጠርሙስ በውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ፈልገው በመደርደሪያቸው ያቆሙታል። እኛ ግን ሱቅ ስንሄድ ማስያዣ ላለመክፈል ብቻ እናስታውሰዋለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ደግሞም የአገራችን ጠርሙስ በፋብሪካው ሰነድ ውስጥ የማይገኝ ሌላ ሕይወት አለው። ላምባ ይቀዳበታል፤ ዘይት ይገዛበታል፤ አረቄና ማር ይቀመጥበታል። ቆርኪው የዳማ ጠጠር ይሆናል፤ ለሕፃናትም የመኪና ጎማ ይሆናል። በመግቢያችን ያነሣነው ጓደኛችን ጠርሙሱን ያገኘው ከአያቱ ቤት ነው። ጠበል ይዞ ከአልጋቸው ራስጌ ቆሞ ነበር። ሲለምናቸው «ልጄ፥ ጠበል የያዘ ዕቃ አይሸጥም» አሉት። እርሱም «እማማ፥ ልሸጠው አይደለም፤ ላስቀምጠው ነው» ቢላቸው፥ «ማስቀመጡንማ እኔም አስቀምጬዋለሁ» ብለው ሣቁበት። በመጨረሻ ጠበሉን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ሰጡት። ጠርሙሱን የገዙት ለማን ሰርግ እንደ ነበረና ያን ቀን ማን ማን እንደ ጠጣ ግን ሲነግሩት አመሹ። ይህንን እርሱ ጽፎ ባይዘው ኖሮ ጠርሙሱ ግማሽ ዋጋውን ባጣ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህንን ሲሰሙ ይቃወማሉ። «የባዕድ ኩባንያ ማስታወቂያ ልናመልክ ነው ወይ? ስኳሩ ጥርስ ከማበላሸት በቀር ምን ጠቀመ?» ይላሉ። ተቃውሞው መልስ ይገባዋል። እኛ መጠጡን አናወድስም፤ ማንም እንዲጠጣውም አንመክርም። ነገር ግን ጠርሙሱን ያጠቡት፥ የሞሉት፥ ሣጥኑን በትከሻቸው የተሸከሙት ያገራችን ሰዎች ናቸው። የባለቤቶቹ ታሪክ በውል ወረቀት ይቀመጣል፤ የሠራተኛውን ታሪክ ግን ጠርሙሱና የሠራተኛው አንደበት ካልተናገሩት የሚናገረው የለም። በአሮጌ ጠርሙስ ትከሻና ወገብ ላይ የሚታየውን ነጭ ቀለበት ተመልከቱ። በሣጥንና በማጠቢያው መስመር ከሌሎች ጠርሙሶች ጋራ ሲተሻሽ የወጣ ጠባሳ ነው፤ በወፈረ ቍጥርም ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ መመላለሱን ይመሰክራል።

ሌሎች ደግሞ «በድኃ አገር ጠርሙስ መሰብሰብ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ይላሉ። እኛ ግን የምንለው በተቃራኒው ነው። ተመላሽ ጠርሙስ ድኃ አገር በቍጠባ የሚኖርበት ጥበብ ነበር፤ አሁንም ነው። ዛሬ የላስቲክ ጠርሙስ እየተካው ሲሄድ ትርፉን በቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሁሉ ያየዋል። መያዣ ያለው ጠርሙስ ወንዝ ውስጥ አይጣልም፤ ሕፃን እንኳ ቢያገኘው ወደ ሱቅ ይወስደዋል። ይህንን ሥርዓት ሀብታሞቹ አገሮች ከጣሉት በኋላ በሕግ ሊመልሱት ይደክማሉ። እኛ ገና በእጃችን ሳለ ዋጋውን ካላወቅን፥ ነገ በብድርና በባለሙያ ምክር መልሰን እንገዛዋለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛ፥ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ አሮጌ ጠርሙስ እናምጣ፤ ከጠርሙሱም ጋራ የተገኘበትን ቦታ፥ የያዘውን ነገርና ባለቤቱ የተናገረውን በአንዲት ወረቀት እንጻፍ። ሁለተኛ፥ የታሪክና የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች በጡረታ ላይ ያሉትን የፋብሪካ ሠራተኞች እየፈለጉ ይጠይቁ፤ በ1959 ሥራ የጀመሩት እጅግ አርጅተዋል፤ ጊዜም አይጠብቀንም። ሦስተኛ፥ የተማሪው ማኅበር አንድ ቁም ሣጥን ይስጠን፤ ስብስቡ ሲሞላም በስድስት ኪሎ ለሚገኘው፥ በ1963 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር እናቅርብ። እዚያ ሞሰቡና በገናው በክብር ይጠበቃሉ። የፋብሪካ ሥራ የሆነው ዕቃም የሕዝቡ ኑሮ ክፍል ከሆነ ስድሳ ዓመት አልፎታልና ቦታ ቢያገኝ አይበዛበትም።

ጓደኛችን ጠርሙሱን እስከ አሁን በአልጋው ራስጌ እንዳቆመው ነው። ቁም ሣጥኑ እስኪገኝ ድረስ እዚያው ይቆያል። ቆራሌው ባለፈው ቅዳሜ በበር አልፎ ሲጣራ ማንም አልቀለደም፤ እንዲያውም ከሣቁት አንዱ ወጥቶ በጆንያው ውስጥ አሮጌ ጠርሙስ እንዳለ ሲጠይቀው አይተናል።