ማመልከቻችንን ማን ያነበዋል?



በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ የተመረቀ ወጣት ዛሬ ማመልከቻውን የሚልከው ወደ ደሴና አዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ በእጅ ስልኩ ባሕር ማዶ ላለ ድርጅትም ይልካል። ለመሆኑ ያንን ማመልከቻ ቀድሞ የሚያነበው ማን ነው? በብዙ ትላልቅ ድርጅቶች ዘንድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። የዚህ ፕሮግራም ገበያ ግን በየአገሩ ይለያያል። በዛሬው አምዳችን ይህንኑ ለማየት እንሞክራለን።

በአሜሪካ ገበያው በአመዛኙ ለሻጭና ለገዢ የተተወ ሲሆን፣ ክርክር የሚነሳው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው። አማዞን የተባለው ኩባንያ ያሠራው መራጭ ፕሮግራም፣ የተማረው በአብዛኛው ወንዶች ካስገቧቸው ማመልከቻዎች ስለነበር፣ የሴቶችን ዝቅ አድርጎ ሲመዝን ተገኝቶ መተዉ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቧል። የኒው ዮርክ ከተማ ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 አጋማሽ ወዲህ እንዲህ ያለው መሣሪያ አድልዎ እንዳይኖርበት በየዓመቱ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር፣ አመልካቹም አስቀድሞ እንዲነገረው ታስገድዳለች።

በተፎካካሪዋ በቻይና ገበያውን የያዙት የአገሬው ኩባንያዎች ናቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የመንግሥት ነው። ሥራ ፈላጊንና ቀጣሪን በስልክ የሚያገናኘው «ቦስ ዥፒን» እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ገብቶ ወር ሳይሞላው፣ ለአገር መረጃ ደኅንነት በሚል ምርመራ ተከፈተበት፤ አዲስ ተጠቃሚ እንዳይመዘግብም ለአንድ ዓመት ያህል ታገደ። በዚያው ዓመት የጸናው የግል መረጃ ሕግ ደግሞ ማሽን ብቻውን ከባድ ውሳኔ ሲሰጥበት ሰው ማብራሪያ እንዲጠይቅና እንዲቃወም ይፈቅዳል።

አውሮፓ ሕጉን አስቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የኅብረቱ ሕግ ሠራተኛ የሚመርጡ ፕሮግራሞችን «ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው» ብሎ መድቧቸዋል። በሥራ ቦታ የሰውን ፊት አይቶ ስሜቱን እገምታለሁ የሚል መሣሪያም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ተከልክሏል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለቦረና፣ ለወግዲና ለሳይንት ወጣት ምኑ ነው? ብዙ ነው! «በ2014 ተመረቅሁ» ብሎ በእኛ አቆጣጠር የጻፈ ወጣት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነብ ማሽን ስምንት ዓመት ሥራ የፈታ ሊመስለው ይችላል። መሐመድ የሚለው ስም በፓስፖርቱ ላይ በአንድ የላቲን አጻጻፍ፣ በዲግሪው ላይ በሌላ ከሰፈረ ሁለት ሰው ሊያደርገው ይችላል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ወጣቱ ከሥራ ገበያው መራቁ የስንፍና አልነበረም፤ ማሽን ግን ባዶውን ጊዜ እንጂ ምክንያቱን አያይም። ስለዚህ ወጣቶቻችን ዘመኑን «እ.ኤ.አ.» ብለው ይጻፉ፤ ስማቸውን በሁሉም ሰነድ አንድ ያድርጉ፤ የተቋረጠውን ጊዜ በአንድ መስመር በእውነት ያስረዱ።

ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ እኅቶቻችን ጉዳይም አለ። በዚያ «ሙሳነድ» የተባለው የመንግሥት መመዝገቢያ ቀጣሪንና ውሉን በኮምፒዩተር ይይዛል። በእኛ በኩል አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛና የጉዞ ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ከመነሳቷ በፊት ውሉን አስነብቡ፤ በደላላ ቃል ብቻ አትሸኟት። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያውቅና የተሳሳተውን እንዲያሳርም መብት ሰጥቷል።

ሰውን መምረጥ ፍርድ ነው፤ ፍርድም አማና ነው። አማናውን ለማሽን የሰጠ ቀጣሪ ከተጠያቂነት አያመልጥም። የየአገሩን ገበያ የምንመዝነውም በዚህ ነው፤ ማሽኑ ሲሳሳት መልስ የሚሰጥ ሰው አለን?

በሚቀጥለው እትማችን እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም!