ከውጭ የሚመጣ ላፕቶፕ፦ ዋስትናው እስከ የት ይከተለዋል?

ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር አርሶ አደር ላፕቶፕ ከምርት ሽያጭ በተጠራቀመ ገንዘብ የሚገዛ ከባድ ወጪ ነው። ዋጋው ይቀንሳል በሚል ዱባይ ወይም አሜሪካ በሚኖር ዘመድ በኩል የሚያስመጡ ቤተሰቦችም አሉ። በዋጋ ንጽጽሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ዋስትናው ነው።

የአምራቾች ዋስትና ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከተሸጠበት አገር ጋር የተሳሰረ ነው። አንዳንድ የሌኖቮ ሞዴሎች ዓለም አቀፍ ዋስትና አላቸው፤ ዴል ደግሞ ኮምፒዩተሩ አገር ሲቀይር ምዝገባው እንዲዛወር ይጠይቃል። ይሁንና ዓለም አቀፍ የተባለው ዋስትናም ቢሆን የሚጠቅመው አምራቹ ዕውቅና የሰጠው ጥገና ቤት በቅርብ ሲገኝ ነው። ካልተገኘ ዕቃውን መልሶ የመላኩ ወጪ በባለቤቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መውደቅ፣ ውኃ መግባትና የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ የሚያደርሱት ጉዳት ደግሞ በመደበኛ ዋስትና አይሸፈንም።

አገር ውስጥ ለሚገዛ ሸማች ሁኔታው የተለየ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ለዚህም ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። በዘመድ እጅ ለመጣ ላፕቶፕ ግን እዚህ የሚጠየቅ ሻጭ የለም።

ስለዚህ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ዋስትናው በኢትዮጵያ እንደሚሠራ በሞዴሉ ስም ማጣራት፣ ደረሰኙንና መለያ ቁጥሩንም ከዕቃው ጋር መቀበል ይገባል። የዕቃ ርካሽነት የሚለካው ሲገዛ ብቻ ሳይሆን ሲበላሽም ጭምር ነው።