የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ዕፀዋትና ምስክራቸው



ከመንዝ ደጋ ወደ ጀማ ቆላ ለአጨዳ ወርዶ በወባ ተይዞ የተመለሰ ገበሬ፥ ከጤና ጣቢያ የሚቀበለው ኮአርተም የተባለው መድኃኒት አንዱ ክፍል ከቻይና ዕፅ የተገኘ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ጌ ሆንግ ዕፁ በውኃ ተነክሮ ጭማቂው እንዲጠጣ ጽፎ ነበርና፥ ተመራማሪዋ ወይዘሮ ቱ ዩዩ ይህን አንብበው፥ እሳት ኃይሉን እንደሚያጠፋው ጠርጥረው፥ በዝቅተኛ ሙቀት መድኃኒቱን አወጡ፤ አስቀድመው በራሳቸው ላይ ከፈተኑትም በኋላ ለሕሙማን ተሰጥቶ ፈውሱ ስለ ተመሰከረ፥ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሀገራችንም ኮአርተምን በ2004 እ.ኤ.አ. ፋልሲፓረም በተባለው ተውሳክ ለሚመጣው ወባ ቀዳሚ ሕክምና አድርጋ መርጣዋለች።

ይህን እትም ለባህል መድኃኒት ምርምር የሰጠነው፥ የዚያው ዕፅ ዘመድ የሆነው ጭቁኝ በደጋችን ስለሚበቅልና እናቶቻችን ለሆድ ቁርጠት ጨምቀው ስለሚያጠጡት ነው። ይሁን እንጂ ዝምድናው ብቻ ወባን ለመፈወሱ ማስረጃ አይሆንም፤ መጠኑ በሚዛን፥ ጉዳቱ በመዝገብ፥ ፈውሱም በሕሙማን ላይ ሊረጋገጥ ይገባዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ጽሑፎች ስታነቡ፥ የአበው መጽሐፈ መድኃኒት የምርምር መነሻ እንጂ የምርምር ፍጻሜ አለመሆኑን እንድታስቡልን በትሕትና እንለምናለን።

አዘጋጁ